የመልአኩ ድርብ ቁልፍ

መልአኩ ሰቆጣ ከተማ ባለው ቢሮው፣ ጠረጴዛው ሥር ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የተመታው በራሱ የካሜራ መቆሚያ ብረት ነው። ሥራው የየደብሩን የብራና መጻሕፍት ፎቶ ማንሳት ነበር። አስከሬኑን ያገኘው አመሻሽ ላይ የመጣው ባልደረባው ወንዳወቅ ሲሆን፣ ሁለቱ መኳረፋቸውን የማያውቅ አልነበረም። ለሟች ታላቅ ወንድም ለፋንታሁን ይኼ በቂው ነው። ጠመንጃውን ወልውሎ ከለቅሶው ድንኳን በር ላይ ተቀመጠ።

«ቀብሩ ይለፍ እንጂ የወንድሜን ደም አላሳድርም» አላት ኢንስፔክተር ሠርካለምን።

«ጋሽ ፋንታሁን፣ ደመኛዎን መጀመሪያ ይወቁት» አለችው። ያልገደለ ሰው በጥርጣሬ ሲገደል አይታ ስለምታውቅ፣ የቸኮለ ጠመንጃ ያንገበግባታል።

ወንዳወቅን የመልአኩ ላፕቶፕ ፊት አስቀመጠችው።

«ለምንድነው እንዲህ የሚንቀራፈፈው?»

«ሁለቴ ስለተቆለፈ ነው። ዲስኩ በሙሉ አንድ ጊዜ ተመስጥሯል። መልአኩ በዚያ ላይ ፎቶዎቹን ለብቻቸው ዳግም መሰጠራቸው። እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቴ ካልተፈታ አይወጣም፤ አሮጌ ማሽን ደግሞ አይችለውም። ያጣላን ይኸው ነው፤ አንዱ ይበቃል ብለው አልሰማኝም።»

«የይለፍ ቃሉንስ ማን ያውቃል?»

«የፎቶዎቹን እሱ ብቻ። ክዳኑ ከተዘጋ መልሶ ይቆለፋል። ስደርስ ክፍት ነበር፤ አልነካሁትም።»

ቀጥሎ የቀረበው፣ በዚያው ቀን ቢሮው ሲገባ የታየው፣ አባቱ እስር ቤት የሞቱበት ዲያቆን መንግሥቴ ነው።

«እኩለ ቀን ላይ ሄጄ የደብራችንን ፎቶዎች አስቀዳሁ። ቆሜ እያለሁ ጨረሰልኝ፤ ተሰናብቼው ወጣሁ» አለና የተቀዳበትን ዲስክ አሳያት።

ሠርካለም ዲስኩን ተቀብላ አመሰገነችው። ከዚያም እነዚያኑ ፎቶዎች ከመልአኩ ማሽን እንደገና አስቀዳች።

ከቀብር መልስ ሁሉንም ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«መንግሥቴ፣ ቆመህ እያለህ አለቀ ያልከውን እኛ ትናንት ከቀትር ጀምረን ስንቀዳ ጸሐይ ጠለቀችብን። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ አልወጣህም፤ ወንዳወቅ ሊደርስ ሲል ነው የወጣኸው። ስትወጣ መልአኩ በሕይወት ቢኖር ኖሮ፣ ይኼን ምን ያስደብቅህ ነበር? ሌላ ገዳይ ቢሆን መትቶ ይሮጥ ነበር። አንተ ግን ማሽኑ ከተዘጋ ዳግም እንደማይከፈትልህ ስላወቅህ፣ ሬሳው አጠገብ ተቀምጠህ ጠበቅህ።»

መንግሥቴ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«አባቴ ብራና ሸጠ ተብሎ ታስሮ ሞተ። የመሰከረበት መልአኩ ነው። ያንን ብራና አባቴ ከታሰረ በኋላ እዚያው ቢሮው ውስጥ ፎቶ አንስቶታል፤ ቀኑ ፎቶው ላይ አለ! የደብሩን ፎቶዎች ሲከፍትልኝ አየሁት። ስጠይቀው ሳቀብኝ። መታሁት! ቢነሳ ደግሜ እመታው ነበር። ያንን ፎቶ ሳልይዝ ግን አልወጣም አልኩ።»

«ውሸት ነው!» ጮኸ ፋንታሁን፣ ጠመንጃውን እያነሳ።

«ፎቶውን አይቼዋለሁ ጋሽ ፋንታሁን። እውነቱን ነው» አለች ሠርካለም።

«ተኩስ» አለው መንግሥቴ። «ብቻ አባቴ ሌባ እንዳልነበረ እነዚህ ሁሉ ሰምተዋል።»

ሠርካለም በመሃላቸው ገብታ መንግሥቴን በካቴና አሰረችው። አፈሙዙን ሳትፈራ ይዛው ወጣች። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ተነሥቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ሳይል ተከተላት። ፋንታሁን ጠመንጃውን እንደደገነ ባዶው ድንኳን ውስጥ ቀረ።