አቧራ ያልነካው ደረት

አብኔር ውቤ በፑኝዶ መንገድ ከድልድዩ በታች፣ ከዛፍ ጥላ ሥር በጀርባው ተጋድሟል። ሞተሩ ራቅ ብሎ ከድንጋይ ጋር ተላትሟል። አይ የሰው ነገር! ጠዋት ከጓደኞቹ ጋር እየሳቀ ከኒውላንድ ሰፈር የወጣ ልጅ፣ ከሰዓት በኋላ ዝንብ ወረረው።

ኢንስፔክተር አንጀሊና ቁጢጥ ብላ አስተዋለችው። የሸሚዙ ጀርባ አፈር በአፈር ነው፤ ደረቱ ግን ከሳጥን ገና የወጣ ይመስላል። ከሞተሩ እስከ ጥላው ሣሩ ተደፍጥጦ ደም ነክቶታል። ልጁ ከወደቀ በኋላ በጀርባው እየተንፏቀቀ መጥቷል ማለት ነው። የሞተሩ የኋላ መብራት ደግሞ ደቅቋል፤ ስባሪው ላይ ነጭ ቀለም አለ። በፊቱ ድንጋይ የመታ ሞተር ኋላው በምን ተሰበረ?

«ገዳዩማ ተይዟል!» አለ ኮንስታብል ታንግ፣ በካቴና የታሰረውን ዓሣ አጥማጅ ጃልን እያሳየ። «የሟቹን ሄልሜት ይዞ ነው ያገኘነው። ከተማው ‹ልጃችንን ገደሉት› እያለ ነው፤ ቶሎ ካልተከሰሰ ሌላ ደም ይፈሳል።»

አንጀሊና የሄልሜቱን ውስጥ ዳሰሰች። ስፖንጁ ርጥብ ነው፤ ጭቃም ይዟል።

«ጃል፣ በዚህ ምን ቀዳህ?»

«ውሃ። ዕቃ የለኝም። እሱ ‹ውሃ፣ ውሃ› አለ።»

አንጀሊና ተነሣች። ሊዘርፍ የመጣ ሰው ለሚሞት ሰው ውሃ ሲያመላልስ አይታ አታውቅም።

ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ማንጎ ሥር፣ ጠዋት ከአብኔር ጋር የወጡት ሦስቱ ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። ሩፋኤል በጀዊ የስደተኞች ካምፕ በሕክምና የሚሠራ ነው። ነጂብ በሰፈራ መጥተው አቦቦ የተቀመጡ ገበሬዎች ልጅ ነው። ኮከብ የአብኔር እህትና የነጂብ እጮኛ ናት፤ ከነጂብ ኋላ ተፈናጥጣ ነበር የሄደችው።

«አብኔር ከኋላችን፣ መጨረሻ ላይ ነበር» አለ ሩፋኤል። «ዞር ስንል የለም። ተመልሰን ብንፈልግ አጣነው።»

«ከመንገድ ዳር የወደቀ ሰው?»

«ሣሩ ሰው ይውጣል፣ እመቤቴ።»

ነጂብም ኮከብም ያንኑ ቃል በቃል ደገሙት፤ ያስጠኗቸው መዝሙር ነው የሚመስለው።

አንጀሊና በሩ አጠገብ ወደቆሙት ሞተሮች ሄደች። የነጂብ ሞተር አቧራ ለብሶ ቀይ ሆኗል። ነጩ የሩፋኤል ሞተር ታጥቦ ያበራል፤ የነዳጅ ታንከሩ ላይ ያለው የድርጅት ስም በቁስል ፕላስተር ተሸፍኗል።

አቶ ውቤ የገቡት ይሄኔ ነው። የዱሮ አስተማሪ ናቸው፤ በሩን ተደገፉ።

«ልጄ፣ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው» አሏት አንጀሊናን። «ወዲያው ነው የሞተው? ወይስ ብቻውን ተሰቃየብኝ?»

«ወዲያው ነው አባባ!» አለ ሩፋኤል ቀድሞ። «ትንፋሽም አልነበረውም!»

አንጀሊና ታንግን ጃልን እንዲያመጣ አዘዘችው።

«ሩፋኤል» አለች ሁሉም ሲሰበሰቡ፣ «ፈልገህ ያጣኸው ሰው ትንፋሽ እንደሌለው በምን አወቅህ?»

«እኔ… ይሆናል ብዬ…»

«በበጋ በዚያ መንገድ ኋላ የሚነዳ ሰው አቧራ ይበላል። የአብኔር ደረት ንጹሕ ነው። ከፊት ነበር እንጂ ከኋላ አልነበረም፤ ሲወድቅም ሁላችሁም አይታችኋል። የኋላ መብራቱን የሰበረው ነጭ ነገር ነው፤ እዚህ ያለው ነጭ ሞተር ያንተ ብቻ ነው። ለመሆኑ ጓደኛው የጠፋበት ሰው ሞተር ያጥባል?»

ሩፋኤል አቀረቀረ። ኮከብ ግን አልቻለችም፤ ፈነዳች።

«ገጨው! ሩፋኤል ሲቀድመው ገጨው! እሱ ብቻ ወርዶ ‹አልፏል፣ አትውረጂ፣ አይታይም› አለኝ። ኔትወርክ የለም። ‹እኔ ሬሳውን እጠብቃለሁ፣ መኪና አምጡ› ብሎ ጮኸ። ሳንርቅ ደረሰብን። ‹ነጂብ መንጃ ፈቃድ የለውም፤ አየን ካላችሁ ይታሰራል› አለ። አባዬ፣ ሞቷል ብሎኝ ነው!»

«የሚተነፍስ ሰው ለይተህ የማታውቅ ሐኪም ነህ?» አለች አንጀሊና።

«ሞተሩ የድርጅት ነው» አለ ሩፋኤል ቀና ሳይል። «እሁድ መንዳት ክልክል ነው። ከዳነ ይናገራል፤ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ…»

ለዚህ! ለእንጀራ ብሎ የእንጀራ ተካፋዩን ጥሎ ሄደ። ታንግ ካቴናውን ከጃል ፈትቶ ለሩፋኤል አጠለቀለት።

አቶ ውቤ ወደ ጃል ተጠጉ። «ልጄ ምን አለህ?»

ጃል አንጀሊናን አየ። አንጀሊና መሬት አየች።

«ውሃ ጠጣ» አለ ጃል። «‹እህቴ መኪና ልታመጣ ሄዳለች፣ ሰምቻለሁ› አለ። እኔ፣ አዎ፣ እየመጣች ነው አልኩት። መንገዱን እያየ ሞተ።»

ሽማግሌው የጃልን ትከሻ ሳሙ። ኮከብ «አባዬ!» ብላ ኮታቸውን ጨበጠች። ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቁና በእግራቸው ወደ ኒውላንድ አዘገሙ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አንጀሊና ማንጎው ሥር ቆማ ጀርባቸውን በዓይኗ ተከተለች። ጃልን አትርፋለች። ሽማግሌው ግን ጠዋት ሁለት ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱን ሩፋኤል ወሰደባቸው፣ ሁለተኛዋን እሷ ያወጣችው እውነት።