ስድስት የቁልፍ ቀዳዳ

የጎማው ቱቦ እንደገና ሲወርድ ሓረጉ ፊቷን ለማዳን ግራ እጇን አነሳች። ምቱ ትንሿ ጣቷ ላይ ዐረፈ፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማች። ከኋላዋ ያሉት ልጃገረዶች ግን አሁንም ወደ ፊት ይገፏታል።

«ወደ ኋላ ብያለሁ» አለ ተመልሶ የሚባለው የፋብሪካው ዘበኛ፣ ቱቦውን ለሦስተኛ ጊዜ እያነሳ።

ጠዋት ጠዋት እንዲህ ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ላይ ስድሳ ያህል ልጃገረዶች ይሰበሰባሉ፤ ዘበኛው ሦስት ወይም አራቱን ያስገባል፤ የቀሩትን እየገረፈ ያባርራል። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላት ሓረጉ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳ ትምህርቷን ካቋረጠች ወዲህ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያ ቆማለች። በሦስት ሳምንት የተማረችው ዘዴ ቢኖር ከሌሎቹ ቀድሞ መድረስና በክርን መግፋት ብቻ ነው።

ያን ቀን ዘበኛው ቱቦውን ለሦስተኛ ጊዜ እንዳነሳ አንድ ድንጋይ ተወረወረ። ሓረጉ ማን እንደወረወረው አይታለች። ኣዜብ ናት፤ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ የተጋራቻት ኣዜብ። ድንጋዩ የተመልሶን ቅንድብ ሰነጠቀው። ደሙ ዓይኑን ሲሸፍነው ማንን እንደሚመታ ሳያይ ቱቦውን ያወናጭፍ ጀመር።

ዓመቱ 1963 ነው። አስመራ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበረች ለአንድ ድንጋይ አንድ መኪና ሙሉ ፖሊስ ይመጣ ነበር። መጡም። ማን ወረወረ ብለው አልጠየቁም፤ ያገኙትን ሁሉ በዱላ ቀጠቀጡ። አንዲት ቀጭን ልጅ በፀጉሯ እየተጎተተች ተወሰደች። ሓረጉ መሬት ላይ ወድቃ ጎኗን ሁለት ጊዜ በጫማ ተረገጠች። ኣዜብ አጥሩን ታካ ስትሮጥ ታየቻት፤ አንዴም ወደ ኋላ አልዞረችም።

ሓረጉን መኪናው ላይ ሊጭኗት ሲሉ ዘበኛው ቅንድቡን በጨርቅ እንደያዘ መጣ። «ይችን ተዉልኝ» ብሎ ወደ ግድግዳው ጥግ ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚናገረው፤ ያ ከቱቦው ይልቅ አስፈራት።

«አንቺ ሁልጊዜ ከፊት ነሽ። ድንጋዩን የወረወረችውን አይተሻል።»

ሓረጉ የተመታውን ጣቷን በሌላው እጇ ሸፈነች።

«ስሟን ንገሪኝና ክር ማጠንጠኛው ክፍል አስገባሻለሁ። እስከ ሐሙስ አስቢበት።»

ሓዝሓዝ ሰፈር ወዳለው ግቢያቸው ስትደርስ እናቷ ኣኽበረት እጇን አይታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። የሰው ልብስ እያጠበች ነበር ልጇን ያሳደገችው፤ ከክረምቱ ወዲህ ግን ሳሉ ጉልበቷን ጨርሶታል። ጣቷን ያሰረችላት ጎረቤታቸው ጀዋሂር ናት፤ ከወሎ የመጣች ልብስ ሰፊ። ጣቷን በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች መሃል አድርጋ በጨርቅ ጠቀለለችው።

«አብሽሪ ልጄ፣ ይሽራል» አለቻት። «ለመሆኑ ሦስት ሳምንት እዚያ ስትቆሚ፣ ምን ትችያለሽ ብሎ የጠየቀሽ ሰው አለ?»

«የለም።»

«አንቺስ ተናግረሻል?»

«ለማን ልናገር፣ እትዬ? ለቱቦው?»

ጀዋሂር አልተቀየመችም። «እኔ ከደሴ ስመጣ አገሩንም ቋንቋውንም አላውቅም። ሥራ ስጡኝ እያልኩ ብዞር ማን ይሰማኛል? አንዲት የልጅ ቀሚስ ሰፋሁና እሷን ይዤ በየሱቁ ገባሁ። ቀሚሷ ተናገረችልኝ። አንቺ የቁልፍ ቀዳዳ ስትሠሪ እኔን ትበልጪኛለሽ፤ ግን ከዚህ ግቢ ውጭ ማን አየልሽ?»

ከሰዓት በኋላ ኣዜብ መጣች። የሓረጉን እጅ ስታይ ከንፈሯን ነከሰች።

«ያ ድንጋይ…» ብላ ጀመረች ሓረጉ።

«እኔ አይደለሁም» አለች ኣዜብ ቶሎ ብላ። «ከኋላ ነው የመጣው። የዓዲ ጓዕዳድ መንደር ልጆች ናቸው፣ ሰምቻለሁ።»

ይህን ስትል የምታየው መሬቱን ነበር። ኣዜብ ከሄደች በኋላ ሓረጉን ንዴቱ እንደ ጣቷ ይጠዘጥዛት ጀመር። አንድ ስም መናገር ብቻ ነው። አንድ ስም፣ ከዚያ ሥራ።

የዚያኑ ዕለት የማክሰኞን ማምሻና ረቡዕን ሙሉ ከጀዋሂር የወሰደችውን ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ስትሰፋ ዋለች። አንድ ኮሌታ፣ አንድ ኪስ፣ ስድስት የቁልፍ ቀዳዳ። ጨርቁን የምትይዘው በግራ እጇ ስለነበር መርፌው በገባ ቁጥር ሕመሙ እስከ ክርኗ ይወጣል። አራተኛው ቀዳዳ ተጣሞባት ፈትታ እንደገና ሠራችው።

ሐሙስ ጠዋት ዘበኛው ሓረጉን ወደ ዘበኛ ቤቱ አስገብቶ በሩን ዘጋ። ጥግ ላይ አንድ ፖሊስ ተቀምጦ ሻሂ ይጠጣል።

«እሺ፣ ማናት?»

የማሽኖቹ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ይሰማታል። የእናቷን ሳል አሰበች። ወዲያው ደግሞ በፀጉሯ የተጎተተችው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባት።

«አላየሁም።»

በጥፊ መታት። «እንደገና ንገሪኝ።»

«አላየሁም።»

ሁለተኛው ምት ከግድግዳው ጋር አላተማት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ አገጯ ላይ ወረደ። ፖሊሱ ሻሂውን አላቋረጠም። ዘበኛው በሩን ከፍቶ ወደ ውጭ ገፈተራት። «በዚህ በር ሁለተኛ እንዳላይሽ።»

አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ካለ ቧንቧ ፊቷን ታጠበች። ከዚያ የሰፋችውን ጨርቅ ይዛ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ ሰፈር ሄደች። የመጀመሪያው ቤት የተሰነጠቀ አፏን ሲያይ በሩን ዘጋባት። ሁለተኛው ቤት ውስጥ ሐጎስ የሚባሉ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ነበሩ። «ሰው ሞልቶኛል፣ ጓለይ» አሏት።

ሌላ ቀን ቢሆን አንገቷን ደፍታ ትወጣ ነበር። «የሚፈልግ ሰውስ ያውቃሉ፣ ኣቦይ?» አለችና ጨርቁን ዘረጋችላቸው።

ሽማግሌው ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ዳሰሱ። «ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር፣ ወይዘሮ ጸሃይ ቤት ሂጂ። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፉ ነው። ሐጎስ ልኮኛል በያቸው።»

«የቐንየለይ» ብላ አመስግና ወጣች።

ወይዘሮ ጸሃይ ጨርቁን ገልብጣ ውስጡን አየች። ከዚያ ሓረጉን አየች።

«አፍሽን ምን ነካው?»

ወደቅሁ ማለት ይቀላል። ነገር የምታመጣ ልጅ ማን ይቀጥራል? ሓረጉ ምራቋን ዋጠች፤ ደም ደም ይላል።

«መቱኝ። ፋብሪካው በር ላይ ድንጋይ የወረወረችውን ልጅ ስም ተናገሪ ብለውኝ እምቢ ስላልኩ።»

ቤቱ ውስጥ ከሚሰፉት ሴቶች የሁለቱ ማሽን ቆመ። ወይዘሮ ጸሃይ የታሰረውን ጣቷን አየች።

«ይህን በዚህ ጣት ነው የሰፋሽው?»

«እወ።»

ወይዘሮ ጸሃይ በርጩማ በእግሯ ገፋ አድርጋ አንድ ሸሚዝ ጉልበቷ ላይ ጣለችላት። «እስኪ እዚህ ፊቴ ስፊ።» ሁለት ቀዳዳ ስትጨርስ ሸሚዙን ወሰደችባት። «አንድ ሳምንት እሞክርሻለሁ። ሰኞ ነይ።»

ሓረጉ ስትመለስ ከራሷ ቤት በፊት የኣዜብን በር አንኳኳች። ኣዜብ ከንፈሯን ስታይ ደነገጠች።

«ድንጋዩን ስትወረውሪ አይቼሻለሁ» አለቻት ሓረጉ።

ኣዜብ በዚህ ጊዜ አልካደችም። «ተናገርሽ?»

«ኣይፋል፣ አልተናገርኩም። ግን ነገ ወደዚያ በር አትሂጂ፤ እየፈለጉሽ ነው።»

«ታዲያ ወዴት ልሂድ?»

ሓረጉ ንዴቷ አልበረደም ነበር። ስለ ውሸቱ አንድ ሺህ ነገር ልትላት ትችል ነበር፤ ዞራ ልትሄድም ትችል ነበር። ቆም ብላ አየቻትና ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ ገባች።

«ሰኞ ስፌት ቤት ሥራ እጀምራለሁ፤ እስከዚያ የቁልፍ ቀዳዳ ላስተምርሽ ሦስት ቀን አለኝ» አለች፣ ብርሃን ባለበት በኩል እየተቀመጠች። «መርፌና ጨርቅ አምጪ።»