ከቦዮ ሐይቅ ያልተመለሰው ወፍ ቆጣሪ

ዶክተር ወልደኪዳንን ያገኘችው ተማሪዋ ሐዳሳ ናት፤ ጩኸቷ ሐይቁ ላይ ያረፈውን ወፍ ሁሉ አስነሣው። ሰውየው በቦዮ ሐይቅ ዳር፣ ደንገሉ መሐል፣ በፊቱ ተደፍቶ ነበር። ጭንቅላቱን ከኋላ ተመትቷል።

የዩኒቨርሲቲ ሰዎች በየዓመቱ በጥር ብርድ፣ ሌላው ሰው ብርድ ልብሱን ጆሮው ድረስ በሚስብበት ሰዓት፣ ከሆሳዕና ተነሥተው ሐይቁ ወዳለበት ሻሾጎ የሚወርዱት ስደተኛ ወፍ ሊቆጥሩ ነው። ወፉስ የአገሩ ውርጭ አባሮት መጣ እንበል፤ እነሱን ማን አባረራቸው? ከዚያ ተመልሰው አዳራሽ ይሰበሰቡና ስለ ቆጠሩት ይናገራሉ። ዘንድሮ ዋናው ተናጋሪ ወልደኪዳን ነበር፤ ቀኑም ከጥምቀት በኋላ።

ኢንስፔክተር አዜብ ከሆሳዕና ስትደርስ የወረዳው ሳጅን ዳኘ ነገሩን ጨርሶ ጠበቃት።

«ልጅቷ ናት» አላት። «ትናንት በሰው ፊት ‹ልፋቴን ገደል ከተቱት› ብላ ጮኻባቸዋለች። ዛሬ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ብቻዋን ወደዚህ ወርዳለች። ሟቹ ደግሞ ያኔ በሕይወት ነበሩ። የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ሚክያስ አብሯቸው ቁርስ በልቷል።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

«ለፊርማ።»

አዜብ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሟቹ ግንባሩ ላይ የሚታሰር ባትሪ አድርጓል። ውኃ ገብቶት መብራቱ ጠፍቷል፤ ማብሪያው ግን እንደተጫነ ነው። ወፍ ማያው ትልቁ መነጽር አጠገቡ ወድቋል፤ ክዳኑ አልተነሣም። ማብሪያውን ደግማ አየችው።

ሾፌሩ ሽብሩ ሳይጠራ መጣ።

«እኔንም ጠርጥሩኝ እንጂ! ትናንት ጥሩንባ ነፍተህ ወፎቼን አባረርክብኝ ብለው ሰድበውኛል። ግን ኢንስፔክተር፣ ስለ ወፍ ተብሎ ሰው ይገደላል? ወፉ እኮ ዞሮ መጥቶ ዐረፈ!»

«ጠዋት ሲወጡ አይተሃቸዋል፣ ጋሽ ሽብሩ?»

«መኪናው ውስጥ ተኝቼ። የልጅቷ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። ማታ ብቻ አደራ ብለውኛል፤ ‹ነገ ከተራ ነው፣ ታቦት ሳይወጣ ሆሳዕና አድርሰኝ› ብለው።» ወደ ሬሳው ዞረ። «ይኸው አላደረስኳቸውም።»

ሐዳሳ በካቴና ታስራ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጣለች። ጓደኞቿ ፀሐይ እስክትወጣ ከእነሱ ጋር እንደነበረች እየተሽቀዳደሙ መሰከሩላት። ዳኘ ግን እጁን አወናጨፈ፤ «ከዚያ በኋላስ?»

«ለምንድን ነው የጮኽሽባቸው?» አለቻት አዜብ።

«መመረቂያ ጽሑፌ ላይ ያሉት የሽመላ ፎቶዎች ቦዮ አልተነሡም አሉኝ። ‹ከኋላ ያለውን ተራራ እይው፤ እዚህ የት አለ?› አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እውነታቸውን ስለሆነ ነው የጮኽኩት።» ዓይኗን በትከሻዋ ጠረገች። «አባቴ ዱራሜ ከተማ ለምርቃቴ ወይፈን ያደልባል። አሁን ነፍሰ ገዳይ ሆናለች ሊሉት ነው?»

ሚክያስ ያደረው እዚያው ሐይቁ አጠገብ፣ ወላጆቹ ቤት ነው። በመንደሩ የተወደደ ሰው ነው፤ ቦዮ በሽመላ ተሞልቷል የሚለው ጥናቱ ስሙን አስጠርቶታል፣ ለፕሮፌሰርነትም አሳጭቶታል። እንግዳ ደግሞ ባዶ አፉን አይሸኝም። አዜብ ቤቱ ስትመጣም ከእንሰት ቡላና ከቅቤ የተሠራ አታካና በጣባ አቀረበላት።

«ይቅመሱ፣ ኢንስፔክተር።»

«ለኋላ ይቆየኝ። ወልደኪዳንም ከዚሁ ነው የበሉት?»

«ከዚሁ! ፀሐይ ወጥታ ነበር። እናቴ ሠርታልን ወደ ጸሎት ሄደች፤ እሱ ጥርግ አድርጎ በልቶ ወደ ሐይቁ ወረደ።»

«ቅቤውን ወደዱት?»

«አታካና ያለ ቅቤ ምን ሊሆን?» አለ ፈገግ ብሎ። «ደግነቱ ማክሰኞ ነው። ረቡዕ ቢሆን ወልደኪዳን ንክች አያደርገውም፤ ቢሮ ስንጋራ የኖርን ሰዎች ነን፣ አውቀዋለሁ።»

አዜብ አመስግና ወጣች።

ጥምቀት አለፈ፤ ንግግሩ ሊሰማ አዳራሹ ሞላ። ሚክያስ ለሟቹ መታሰቢያ ሊናገር ጥቁር ለብሶ ሲነሣ አዜብ ሐዳሳን እንደታሰረች አስከትላ ገባች፤ ሳጅን ዳኘም ከኋላ። የዩኒቨርሲቲውን ዲን ይቅርታ ጠይቃ ወደ መድረኩ ቀረበች።

«ዶክተር ሚክያስ፣ እኔ ቤትዎ አታካናውን ያልቀመስኩት ጠግቤ አይደለም። ጾም ነበርኩ።»

«በማክሰኞ?»

«በማክሰኞ። የጥምቀት ዋዜማ ገሃድ ነው፤ በየትኛውም ቀን ይዋል፣ ይጾማል። እርስዎ የእኛን ጾም ስለማይጾሙ የሚያውቁት ረቡዕና ዓርብን ነው፤ የገናውም ጾም ተፈትቷል። ስለዚህ ማክሰኞ ቅቤ ቢያበሏቸው ማንም የማይጠረጥር መሰለዎት። ለታቦት ልድረስ ብለው ሾፌር አደራ ያሉ ሰው፣ በዚያው ጠዋት ጣባ ጠረጉ ይሉኛል?»

«ዘንግቶት ይሆናላ!»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ሆስፒታል ደወልኩ። ሐኪሙ ሆዳቸው ባዶ ነው አለኝ።»

«ግንባራቸው ላይ ያለው ባትሪ ማብሪያው ተጭኖ ነበር፤ መነጽሩም አልተከፈተም። ወፍ የሚታይበት ብርሃን ሳይመጣ ነው የተመቱት። በጨለማ ሐዳሳ ጓደኞቿ መሐል ናት። ሞታቸውን ከጨለማው ወደ ፀሐይ መውጫ አዛውሮ እሷ ላይ የጣለው የእርስዎ ቁርስ ብቻ ነው። እንደዚያ ያለ ቁርስ የሚፈልገው ደግሞ በጨለማ እዚያ የነበረ ሰው ነው።» ወደ ሐዳሳ ዞረች። «ፎቶዎቹን ማን ሰጠሽ?»

ሐዳሳ አቀረቀረች። «አማካሪዬ ናቸው። ዶክተር ሚክያስ።»

«ለምን ሳትናገሪ ቆየሽ?» አለ ዳኘ።

«ማን ጠየቀኝ?»

ሚክያስ ወንበሩን ሲፈልግ እጁ አየር ጨበጠ። «ልለምነው ነው የሄድኩት» አለ በዝግታ። «ጥናቴን የሚያፈርሰውን ይህን ንግግር ተወው፣ ዕድሜ ልኬን የሠራሁት ስም ነው ብዬ። መልስ ሳይሰጠኝ ጀርባውን አዞረ። የመነጽሩ ማቆሚያ እጄ አጠገብ ነበር…» ዳኘ ካቴናውን ከሐዳሳ እጅ ፈታ፤ ሚክያስን ይዞት ወጣና እዚያው በር ላይ አሰረለት።

ዲኑ ላቡን እየጠረገ ተነሣ። «እንግዲህ የዛሬው ንግግር ይቅር…»

«አይቅር» አለች ሐዳሳ።

አንጓዋን እያሻሸች ወደ መድረኩ ወጣች። የምትለው ነገር ምርቃቷን ይዞባት እንደሚሄድ አዳራሹ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ እሷም ታውቃለች። ጽሑፏን ከፍ አድርጋ ለሰዉ አሳየች።

«ሐዳሳ እባላለሁ። ይህ የመመረቂያ ጽሑፌ ነው። በውስጡ ያሉት ሽመላዎች ቦዮን አይተውት አያውቁም።»