በቀትር የተነፋ ጡሩምባ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው እንዳልነበርኩ መጀመሪያ እወቅልኝ፣ ወሎ እያለን አባቴ ዱአ አድራጊዎች ቤት ሲመላለስ ከኋላው እየሳቅኩ ነው ያደግኩት፣ ጂን አየሁ የሚለኝን ሰው ሁሉ «ወባ እንዳይሆን ተመርመር» እለው ነበር፣ ዛሬም ሌላ ሰው ይህን ቢያወራኝ እኔ ራሴ አላምነውም። ግን የዚያን ቀን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፣ ወላሂ ሰምቻለሁ፣ የሰማሁትም ብቻዬን አይደለም።

ነገሩ በደርግ ጊዜ ነው፣ አሁን የምኖርበት ሰመራ ያኔ ከተማ አልነበረም፣ እኛ የምንኖረው ዱብቲ፣ አዋሽ አፋፍ ላይ ባለው ሰፈር ነበር፣ ከፊላችን ከወሎ የመጣን ነጋዴና ልብስ ሰፊ፣ ከፊሉ የጥጥ እርሻው ሠራተኛ፣ ከበስተጀርባችን ደግሞ አፋሮቹ ከነፍየሎቻቸው። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ወሬ አድራሽ ነበረን፣ አያ ይመር የሚባል፣ የእድሩ ጡሩምባ ነፊ። ሰው ሲሞት እሱ ነው የሚለፍፈው፣ ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራም እሱ፣ የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲገባም እሱ፣ ወንዙ ሞላ፣ ፍየል ጠፋች፣ ሁሉም ከይመር አፍ ነው የሚሰማው። ለሞት ሲሆን ጡሩምባውን ረዘም አድርጎ ነፍቶ፣ ትንሽ ስሎ፣ ከዚያ ነው ስም የሚጠራው፣ ያቺ ሳል ስትሰማ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል።

በተለይ በዚያን ጊዜ። ጎረምሶቹን ለብሔራዊ ውትድርና እያፈሱ ወደ ሰሜን የሚልኩበት ዘመን ነው፣ የኔ ጎረቤት የእትዬ ዘሀራ አንድ ልጅ ሁሴንም ከሄዱት አንዱ ነበር። እትዬ ዘሀራ ባላቸው የሞተባቸው፣ ቆሎና ሳሙና ቸርቻሪ፣ ቀጭን ሴት ናቸው፣ ሁሴን ከሄደ ወዲህ ከእሱ አንዲት ቃል አልደረሳቸውም፣ ጡሩምባ በተነፋ ቁጥር በራቸውን ዘግተው የሚቀመጡ ሰው ሆነው ነበር።

ያን ቀን ጠዋት አያ ይመርን እኔ ራሴ ነኝ የሸኘሁት፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ፣ ሚሌ ያለ የሚያውቀው ጥርስ ነቃይ ዘንድ በጭነት መኪና ሄደ፣ ጋቢና ውስጥ ሲገባ በሩን የዘጋሁለት እኔ ነኝ። ይህን ያዝልኝ።

ቀትር ላይ የዱብቲን ሙቀት ታውቀው እንደሆነ አላውቅም፣ የስፌት መኪናው ብረት ያቃጥላል፣ ሰው ሁሉ ሽርጡን ውሃ ውስጥ ነክሮ ለብሶ ጥላ ውስጥ ይጋደማል፣ ከሰፈሩ የሚሰማው ዝንብና የሕፃን ለቅሶ ብቻ ነው። እኔ አንድ ሱሪ ለማድረስ ቸኩዬ ደጃፌ ላይ እየሰፋሁ ነበር። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ነፋሱ መቆሙን ነው፣ ቀጥሎ የአፋሮቹ ፍየሎች ሁሉም አንገታቸውን ወደ ወንዙ አዙረው መቆማቸውን፣ ከዚያ ጡሩምባው ተነፋ።

ረዥሙ ነው የተነፋው፣ የሞቱ። እግሬን ከመርገጫው ላይ አነሳሁ፣ «ይመር ሚሌ አይደለም እንዴ?» ስል ሳሉ መጣች፣ የራሱ የይመር ሳል፣ ከዚያም ድምፁ፣ «የወንዝ ዳር ሰፈር ሰው፣ ያልሰማህ ስማ፣ የእትዬ ዘሀራ ልጅ ሁሴን አርፏል፣ ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ ነው።»

ብድግ ብዬ ወጣሁ። ከታች፣ ውሃው ጠርዝ ላይ፣ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ሲሄድ አየሁ፣ ነጭ ቆብ፣ አጭር ቁመት፣ ልክ እንደ ይመር አንድ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ ነው የሚራመደው። «አያ ይመር!» ብዬ ተጣራሁ፣ አልዞረም፣ ሸምበቆው ውስጥ ገባ፣ ግን ሰው ሸምበቆ ሲገባ ሸምበቆው ይነቃነቃል አይደል፣ አልተነቃነቀም። ወርጄ አየሁ፣ እርጥቡ አሸዋ ላይ ከፍየል ኮቴ በቀር ዱካ የለም።

ስመለስ ሰው ወጥቷል። አቶ ደምሴ፣ የእርሻው ጸሐፊ፣ በባዶ እግራቸው ትኩሱ መሬት ላይ ቆመው፣ ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ወንድሜን ነው የጠራው፣» አሉኝ፣ «ጎንደር ያለውን ወንድሜን። ይመር ወንድሜን ከየት ያውቀዋል?»

«የለም አቶ ደምሴ፣ ሁሴንን ነው ያለው፣» አልኩ።

ወተት ልትሸጥ የመጣችው አፋሯ ፋጡማ እቃዋን መሬት አስቀምጣ ሁለታችንንም አየችን፣ ከዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «እህቴን ነው ያለው፣ በአፋርኛ ነው የተናገረው» አለች። ይመር ደግሞ አፋርኛ ከሰላምታ አያልፍም። እዚያው ፀሐይ ላይ እርስ በርስ ተያየን፣ ማንም የሌላውን አፍ ማመን አልቻለም፣ ሁላችንም ግን የእትዬ ዘሀራን በር እያየን ነበር። በሩ ዝግ ነው።

ይመር ሳይመጣ ለማንም ላንናገር ተስማማን። አመሻሹ ላይ መኪናው መጣ፣ ይመር አፉን በጨርቅ ጠቅጥቆ ወረደ፣ እንኳን ሊለፍፍ ምራቁንም መዋጥ አልቻለም። ወሬው ግን ቀበሌ ደርሶ ነበር፣ ሊቀመንበሩ ሁላችንንም አስጠራን፣ በጦር ግንባር ስላሉ ልጆች የሞት ወሬ መንዛት ምን እንደሚያስከትል ታውቁታላችሁ ብሎ ጠረጴዛውን ደበደበ፣ ይመር ሊታሰር ነው ብለን ደረቅን። ሾፌሩ መጥቶ ቀኑን ሙሉ ሚሌ እንደነበረ መሰከረለት። ሊቀመንበሩ ውጡ አለን፣ እኔ መጨረሻ ነበርኩ፣ በሩ ላይ ስደርስ ክንዴን ያዘኝ።

«ላንተ ማንን አለህ?» አለኝ በቀስታ።

ነገርኩት። ክንዴን ለቀቀው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፣ «በቃ ሂድ፣» አለ፣ «ይመርንም ይዘኸው ሂድ።» ስለዚያ ነገር ዳግመኛ አልጠየቀንም፣ ለእሱ ማን እንደተጠራ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ ዘሀራ ሱቄ መጥተው ተቀመጡ። የሚሰፋ ልብስ አልያዙም።

«ሰይዴ፣ ያን ቀን ማንን ሰማህ?» አሉኝ።

አቀርቅሬ መርፌውን አየሁ፣ ዋሽቼም ማምለጥ አልቻልኩም። «ሁሴንን፣» አልኩ።

«አውቄዋለሁ፣ ስታየኝ ፊትህ ላይ ነበር።» አላለቀሱም። «እኔ ደግሞ ማንን እንደሰማሁ ልንገርህ? ያንተን ስም ነው የሰማሁት። ልብስ ሰፊው ሰይድ አርፏል ነው ያለኝ። በበሩ ቀዳዳ ባይ ቆመህ ይመርን ትጣራለህ። ያኔ ውሸት መሆኑ ገባኝ። አንተ ካለህ ሁሴንም አለ።»

አልሐምዱሊላህ አልኩ።

የአቶ ደምሴ ወንድም ደህና ነኝ ብሎ ጻፈ፣ የፋጡማ እህትም ወልዳ ተነሳች፣ ሁሴን ግን ድምፁ ጠፋ፣ ሞተም አለም የሚል ወረቀት አልመጣም። ደርግ ወድቆ ወታደሩ በየመንገዱ ሲበተን እትዬ ዘሀራ ሚሌ መገንጠያ ላይ ሰነበቱ፣ የወረደውን ሁሉ ፊት እያዩ፣ ብቻቸውን ተመለሱ። በነጋታው ጠዋት ግን፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ እንደሚያደርጉት፣ በሬን አንኳኩ፣ «ሰይዴ፣ ደህና አደርክ?» አሉ፣ ደህና ስላቸው ፊታቸው ፈታ አለ። አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ስቃዥ፣ የገዛ ሚስቴ ስትተኛ እሳቸው ሳይተኙ እጄን ይዘው አደሩ፣ ስነቃ «እንዳትሄድ፣ ልጄን ይዘህብኝ እንዳትሄድ» ይላሉ።

አሁን እኔ ሰመራ ነኝ፣ ልጆቼ አምጥተውኝ፣ እሳቸው ዱብቲ ናቸው፣ ዓይናቸው ከድቷቸዋል ይባላል። ባለፈው አርብ አንድ የባጃጅ ሾፌር በሬን አንኳኳ፣ የማላውቀው ልጅ ነው።

«እትዬ ዘሀራ ልከውኝ ነው፣ በዓይንህ እየውና ንገረኝ ብለውኛል፣» አለኝ።

እኔ ከሆስፒታል የወጣሁት በዚያው ጠዋት ነበር፣ ሐኪሙ ልቤን አዳምጦ ልጄን ብቻውን ወደ ውጭ ጠርቶታል፣ ምን እንዳለው ልጄ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ግድግዳውን ይዤ ተነሳሁ፣ የባጃጁ ልጅ ሙሉ ቁመቴን እንዲያይ በሩ ድረስ ወጥቼ ቆምኩ።

«ደህና ነው በላቸው፣» አልኩት፣ «ቆሞ አየሁት በላቸው።»