ስፌቱ ላይ የቆመችው ሴት

ፈጠራ ነው የሚል ካለ መብቱ ነው። እኔ ግን የሆነውን ነው የምጽፍላችሁ። ባልሆነ ኖሮ ብዬ ያልተመኘሁበት ቀን የለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል ነበር። ወሩ ኅዳር። ኬንዳል ከተማ፣ ዳገቱ ላይ ያለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ውስጥ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም።

ጁዲዝ እባላለሁ። የልጆች መጽሐፍ ሠዓሊ ነኝ።

እኛ ሙያ ውስጥ ለሥዕል የሚቆም ሰው የሚቀጥር የለም፤ ቤት ያለውን ነው የምናቆመው። እኔ የማቆመው የስድስት ዓመት ልጄን ሜሪንን ነው። ልዕልት ሆና ቆማልኛለች፣ ሌባ ሆና ቆማልኛለች፣ አንድ ጊዜማ ድብም ሆናለች። ክፍያዋ ብስኩት ነው።

በዚያ ዓመት አልዊን ጋርፎርዝ የሚባል አንጋፋ ሠዓሊ መጽሐፉን ሳይጨርስ ሞተ። የጠፋች ዝይዋን ቤት ለቤት እየዞረች የምትፈልግ ልጅ ታሪክ ነው። ሰባቱን ሥዕል በቀለም ጨርሷል። አምስቱ በእርሳስ ንድፍ ቀርተዋል። አርታኢዬ ሮዛሊንድ አምስቱን የእሱን እጅ አስመስዬ እንድጨርስ ለመነችኝ። እህቱ ሚስ ዶርካስ ንድፎቹ ከቤት እንዳይወጡ ስለከለከሉ፣ የሟቹ ክፍል እየሄድኩ መሥራት ነበረብኝ።

የመጀመሪያውን ንድፍ ከሥሩ መብራት ባለው መስታወት ላይ አነጠፍኩት። ንጹሕ ወረቀት ላዩ ላይ አደረግሁ። መብራቱን አበራሁ...

አንዲት ረጅም፣ ቀጭን ሴት ቆማለች።

ጽሑፉን ደግሜ አነበብኩ። እንዲህ ያለች ሴት የለችበትም። በአምስቱም ንድፍ ላይ ግን አለች። ቀለም በተቀቡት በሰባቱም ላይ አለች።

የገረመኝ መኖሯ ሳይሆን የቆመችበት ቦታ ነው። ልክ መሐል ላይ። የፊቷ ግማሽ ግራ ገጽ፣ ግማሹ ቀኝ ገጽ።

ፊት ስፌት ላይ አይሣልም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ሁለቱ ገጾች የሚገናኙበት መስመር ላይ የተሣለ ነገር መጽሐፉ ሲጠረዝ ይዋጣል፤ አንባቢ አያየውም።

"ሽማግሌው ጃጅቶ ነበር ማለት ነው" ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ።

ከመደርደሪያው የድሮ መጽሐፎቹን አወረድኩ። በአንዱም ውስጥ የለችም። አንዱን ጀርባው ቀጭ እስኪል ድረስ ወጥሬ ከፈትኩት...

ስፌቱ ውስጥ፣ ክሩ ሥር፣ አንድ ጆሮ።

ሌላውን ከፈትኩ። ጣት።

ሌላውን። የጸጉር ጫፍ።

ሰውየው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማንም እንዳያያት አድርጎ ሲሥላት ኖሯል።

ከነገሩ ጦም እደሩ የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው። ሰው ቤት ገብቼ የተጣመመ ሥዕል ሳላቃና መውጣት አልችልም። የሌላ ሠዓሊ ስህተት ማረምማ ደስ ይለኛል፣ እውነቱን ልናገር። አዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ሴትየዋን ከስፌቱ አወጣኋት። ሦስት ጣት ያህል ወደ ቀኝ፣ ወደ ልጅቷ አስጠጋኋት። አማረባት።

የልጅቷ ፊት ግን አልወጣልኝ አለ። ስለዚህ ሜሪንን ከትምህርት ቤት እያመጣሁ መስኮቱ ጋ አቆምኳት። መጽሐፉ ላይ ያለችው ልጅ ቁርጥ ሜሪንን ሆነች።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሠራሁ። ያን ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ፣ አምስተኛው ላይ ነበርኩ። ቀና ስል ሜሪን ግራ እጇን ከትከሻዋ በላይ አንሥታለች።

"እጅሽን አውርጂ፣ የኔ ቆንጆ።"

አላወረደችም።

"ሜሪን፣ እጅ።"

"እኔ አላነሣሁትም" አለችኝ በሹክሹክታ።

እጇን ሳየው... ልጆች መንገድ ሲሻገሩ የትልቅ ሰው እጅ ይዘው እንደሚያነሡት ነው። ጣቶቿ ግጥም ብለው ተጨብጠዋል። እጅጌዋ ወደ ላይ ተስቧል።

በዚህ መሐል ሚስ ዶርካስ ሻይ ይዘው ገቡ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ሥዕል አዩ። ትሪውን በቀስታ ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ትሪ ወለል ላይ የሚያስቀምጡ ሴት አይደሉም።

"ስንት አንቀሳቀስሻት?"

"ምኑን?"

"ሴትየዋን። ስንት?"

"ሦስት ጣት።"

"ወደየት?"

ወደ ሜሪን አየሁ። እሳቸውም አዩ።

ከዚያ አጠር አድርገው ነገሩኝ። ወንድማቸው ሴትየዋ ማን እንደሆነች ተናግሮ አያውቅም። በየመጽሐፉ ስፌት ውስጥ ያስገባታል፤ መጽሐፉ ሲዘጋ እሷም ትዘጋለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ እንደኔ ሙያ አውቃለሁ ያለ አርታኢ አስገድዶት አወጣት። የወንድማቸው ልጅ ሊነት ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

"ምን ሆነች?"

"አጣናት።"

"ሞተች?"

"አጣናት አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።"



ነጭ ቀለም አነሣሁ። ሴትየዋን ከአንደኛው ሥዕል ላይ አጠፋኋትና ስፌቱ ላይ መልሼ ሣልኳት። የሜሪን ክንድ ትንሽ ዝቅ አለ። ሁለተኛው... ዝቅ አለ። ሦስተኛው። አራተኛው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ፈጥኜም ሠርቼ አላውቅም።

አምስተኛውን ስጨርስ ክንዷ ወደቀ።

"እማዬ፣ ራበኝ" አለች። አቅፌያት አለቀስኩ።

ሚስ ዶርካስ ግን በሩ ጋ እንደቆሙ ናቸው።

"ሽፋኑስ?" አሉኝ።

ሽፋን ከሁሉ ቀድሞ ነው የሚሠራው፤ አሳታሚ ለማስተዋወቂያ ቶሎ ይፈልገዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ልኬዋለሁ። ሽፋን ፊቱ ላይ ስፌት የለውም። ሴትየዋን ከልጅቷ አጠገብ፣ እጅ ለእጅ አያይዤ ነበር የሣልኳት።

ሮዛሊንድ ጋ ደውዬ ሽፋኑን መልሺልኝ አልኳት።

"ጁዲዝ፣ አብደሻል እንዴ?" አለችኝ። "ትናንት ማተሚያ ቤት ገባ። ደግሞ እዚህ ሰው ሁሉ የወደደው ሴትየዋን ነው።"

ለመንኳት። ማተሚያ ቤቱም ራሴ ደወልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን ያፈሰስኩትን መልቀም አልቻልኩም።

የብርዱ ወራት አለፈ። ሜሪን ደህና ነበረች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከእኔ ጋር ትጣላለች። ማታ ማታ እጇን ይዤ ነበር የማስተኛት። ቀስ በቀስ ፍርሃቴ ለቀቀኝ። የሚስ ዶርካስ ወሬ የአሮጊት ወሬ ነው ማለት ጀመርኩ።

መጋቢት ላይ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ፣ ፖስተኛው ካርቶን አመጣ። የእኔ አሥር ቅጂዎች።

አንዱን አወጣሁ።

ሽፋኑ ላይ ልጅቷ ብቻዋን ቆማለች። እጇ ወደ ጎን ተዘርግቷል። የያዘችው ሰው የለም።

ሁለተኛውን አየሁ። ሦስተኛውን። አሥሩንም።

መጽሐፉን ጥዬ ሳሎን ሮጥኩ።

ሜሪን አለች። ምንጣፉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ በከለር እርሳስ እየሣለች ነው። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እግዜር ይመስገን አልኩ። ጸጉሯን ዳበስኩት።

ትልቁ የሥዕል ደብተሯ ተከፍቷል። ግራ ገጹ ባዶ ነው። ቀኝ ገጹም ባዶ ነው። መሐል ላይ ብቻ፣ ልክ ክሩ ላይ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ተሥላለች። የፊቷ ግማሽ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ። አፏ ተከፍቷል።

"ማን ናት?" አልኳት በሹክሹክታ።

ቀና ብላ አየችኝ። የልጄ ባልሆነ ፈገግታ ፈገግ አለች።

"ሜሪን ናት" አለችኝ።

ከዚያ ደብተሩን ዘጋችው... በሁለት መዳፏም አጥብቃ ተጫነችው።