ወንበሩ ላይ ያለችው እሜቴ

የምነግራችሁ በጨለማ የሆነ ነገር አይደለም። ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ፀሐይ ሳሎኑን ሞልታው ሳለ የሆነ ነው። ማመን አለማመን የናንተ ነው... እኔ በዓይኔ ያየሁትንና በእጄ የነካሁትን ብቻ እጽፋለሁ።

መጀመሪያ፣ ከመሄዴ በፊት የነበረው ሁኔታ።

ቤታችን ሦስት ክፍል አለው፤ ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ዕቃ ቤት። የምንኖረው እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ እኔና እሜቴ ነን። እሜቴ ድመት ናት። ዕድሜዋ አሥራ አራት ዓመት፣ መልኳ ግራጫ፣ ከአገጯ ሥር ነጭ። የግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቅዳጅ አለች፤ ትንሽ ሳለች ውሻ የነከሳት ነው። ስሟን ያወጣው አባቴ ነው፤ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበሩ እየገፋች ስታስነሳው "ይቅርታ እሜቴ" ይላት ነበር። እሱ ሲሞት ወንበሩን ወረሰችው።

የምሠራው ቀለም ፋብሪካ ነው። ዛሬ የተመረተው ቀለም ከትናንቱ ጋር አንድ መሆኑን አረጋግጣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሁለት ግራጫ ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ኖሬአለሁ። እህቴ በዚህ የተነሣ "ሚሊሜትር" ትለኛለች።

ሰኞ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ወጣሁ። አሥራ ሁለት ቀን ቆየሁ። በየቀኑ ለእህቴ እደውላለሁ።

"እሜቴስ?"

"ጠግባ ተኝታለች።"

ረቡዕ ዕለት ስናወራ፣ ከእህቴ ድምፅ ጀርባ የድመት ጩኸት ሰማሁ። ቀጭን... የተቆራረጠ።

"ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"የጎረቤት ድመት ናት። ያንተ ጆሮ ደግሞ አያርፍም።"

አመንኳት።

ያ ቅዳሜ ደረሰና ተመለስኩ። በሩን ከፈትኩ።

እሜቴ አልመጣችም።

ታማ እንኳ ብትሆን፣ ቁልፍ ሲዞር ሰምታ በር ላይ ሳትደርስ ቀርታ አታውቅም።

ወንበሩ ላይ ነበረች። ቀና ብላ ተቀምጣ ታየኛለች።

"እሜቴ" አልኳት።

ጭራዋ እንኳ አልተነቃነቀም...

ወደ ሳሎኑ ሌላ ጥግ ሄድኩ። የውሃ ሳህኗ ደረቅ ነው። ጣቴን አሳለፍኩበት። አቧራ።

ተመልሼ አጠገቧ ተንበረከክሁ። ሁለት ናሙና እንደማነጻጽር፣ ሳልቸኩል አየኋት። ግራጫው ልክ ነው። የአገጯ ነጭ ልክ ነው። ቅዳጇም አለች።

በቀኝ ጆሮዋ ላይ...

ወዲያው የገባኝ መሰለኝ። እሜቴ ሞታለች። እህቴ የምትመስላትን ድመት ከየትም ፈልጋ አምጥታ፣ ፎቶ እያየች ጆሮዋን ቀድዳ፣ ጎኑን ተሳስታለች።

እህቴን ወጥ ቤት አገኘኋት። ሽንኩርት ትልጣለች።

"እትዬ፣ ይቺ ድመት የማን ናት?"

"የማን ትሆናለች? የኛዋ ናት እንጂ።"

"ቅዳጁ በግራ በኩል ነበር።"

"ሚሊሜትር ገና ጫማህን ሳታወልቅ..." ሳቀች። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

"ጆሮዋን ማን ቀደደው?"

"ቀስ በል። እማዬ ትሰማለች።"

ቢላዋውን አስቀመጠች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋች።

"በሄድክ በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ እንግዶች መጡ። ድመት የምትፈራ ሴት ነበረች ከነሱ ጋር። ለአንድ ሰዓት ብዬ ዕቃ ቤት ዘጋሁባት። ከዚያ... ረሳኋት። እማዬም እኔም ጓሮ የምትዞር መስሎን ነበር።"

"እስከ መቼ?"

"ዓርብ ጠዋት። በሩን ስከፍት ሞታለች፤ ያኔውኑ ቀበርኳት።"

"ረቡዕ ስንነጋገር የጮኸችው..."

"የጎረቤት መስሎኝ ነበር። ሙት ስልህ።"

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ስምንት ቀን ሙሉ "ጠግባ ተኝታለች" ስትለኝ እሜቴ አፈር ውስጥ ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ ስትሞት ሰምቻታለሁ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ...

"መሞቷን ደበቅሽኝ። እሺ። ግን የሰው ድመት አምጥተሽ ጆሮ ትቆርጫለሽ?"

እህቴ ቀና ብላ አየችኝ። ፊቷ ላይ የነበረው ጥፋተኝነት ሄዶ ሌላ ነገር መጣ።

"እኔ ምንም ድመት አላመጣሁም" አለች።

ከበርጩማው ተነሣሁ።

"በሰማያዊው ሻርፔ ጠቅልዬ ጓሮ ቀበርኳት። ውጭ ቧንቧው ላይ እጄን ታጠብኩ። ገባሁ... ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። በሩን ዘግቼው ነበር የወጣሁት። መስኮቱም ዝግ ነበር።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ? ሞታለች ልበልህ ወይስ አለች?"

"ትበላለች?"

"አንድ ቀን እንኳ አልበላችም።" ድምፅዋ ይበልጥ ቀነሰ። "አትተኛም እኮ... ሁልጊዜ እንደዚያ ነች።"

አካፋ ይዘን ጓሮ ወጣን። ሦስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ግንቡ ሥር ያለው አፈር አልተነካም፤ የእህቴ ጫማ ምልክት በላዩ ላይ ደርቋል። እሷ ቆፈረች፣ እኔ አፈሩን በእጄ አወጣሁ። አርባ ስምንት ሴንቲሜትር ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ታየ።

እኔ ገለጥኩት። ሽታውን አልነግራችሁም።

እሜቴ ናት። ቅዳጇ በግራ ጆሮዋ። የፊት እግሮቿ ጥፍሮች ተሰባብረዋል፤ ስንጥር እንጨት ተሰክቶባቸዋል። የዕቃ ቤቱ በር እንጨት ነው።

እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከአባቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። እህቴ እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች፤ ገፋሁት። ስረጋጋ ከወጥ ቤት መቀስ አምጥቼ፣ ከእሜቴ አንገት ሥር ትንሽ ፀጉር ቆርጬ በወረቀት ጠቀለልኩ።

"ምን ልታደርገው ነው?"

"ናሙና።"

አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው። በዚያ ቤት የሚኖር ሰው ሁሉ ለሷ እንዲያዝን። የሞተችው እሷ መሆኗን እንዲያውቅ። ስለዚህ በሻርፑ ታቅፌ ወደ ሳሎን ይዣት ገባሁ።

እናቴ የአባቴ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ያቺኛዋ ጭኗ ላይ ናት።

"እማዬ፣ እሜቴ ሞታለች። ይኸው።"

የእናቴ ዓይን ደህና ነው፤ ያለ መነጽር በመርፌ ቀዳዳ ክር ታሾልካለች። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። በአንድ ጣቷ የግራ ጆሮዋን ነካች። ቅዳጇ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ...

አወቀቻት። ስታውቃት አየሁ።

እጇን ሰበሰበች።

"ቀዝቃዛ ናት" አለች።

ከዚያ ጭኗ ላይ ያለችውን ድመት ዓይኖች በመዳፏ ሸፈነች።

"አውጣልኝ ልጄ። እሜቴን ታስደነግጥብኛለህ።"

ወደ እህቴ ዞርኩ። አብራኝ የቆፈረችው እሷ ናት። እጇ ገና አፈር ነው። የሆነ ነገር እንድትናገር ጠበቅኩ።

ሄዳ እናቴ እግር ሥር ተቀመጠች። ያቺን ድመት ጀርባዋን መዳበስ ጀመረች። በዚያ በአፈር እጇ።

"እውነቷን ነው" አለች ሳታየኝ። "አውጣት።"

መቀሱን ይዤ ስጠጋ ማንም አልከለከለኝም። ከዚያችኛዋም አንገት ሥር ፀጉር ቆረጥኩ። አልሸሸችም። ሰውነቷ ይሞቃል። እጄን ጎኗ ላይ አሳርፌ ቆየሁ... ትንፋሿ ሲወጣና ሲገባ ግን አልተሰማኝም።

እሜቴን ብቻዬን መልሼ ቀበርኳት። ልብሴን በሻንጣ ከትቼ፣ ማንንም ሳልሰናበት ወጣሁ።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁለቱን ናሙናዎች የፋብሪካው የቀለም ልዩነት መለኪያ ላይ አደረግኩ። መሣሪያው ሁለት ቀለሞች ምን ያህል እንደሚራራቁ በቁጥር ይናገራል። ከአንድ ጣሳ የተቀዳ ቀለም እንኳ ከራሱ ጋር ሲነጻጸር፣ ከነጥብ በኋላ ትንሽ ቁጥር ይተርፋል። ሁልጊዜ ይተርፋል። በአሥራ አንድ ዓመት ሳይተርፍ ያየሁበት ቀን የለም።

አንደኛው ስምንት ቀን አፈር ውስጥ የቆየ ፀጉር ነው። ሌላኛው ወንበር ላይ የነበረ።

የመሣሪያውን መስተዋት አጽድቼ ሦስት ጊዜ ለካሁ።

ልዩነት፦ 0.00። ሦስቱንም ጊዜ።