ጉርዴ ሰፋ

ትንፋሿን ይዛ፣ ሆዷን ወደ ውስጥ ስባ ለተለመደው ትግል ስትዘጋጅ፣ የዩኒፎርም ጉርዷ ቁልፍ ያለ አንዳች ግብግብ ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ልጅቷ መስታወቱ ፊት ደርቃ ቆመች። ቀስ ብላ ትንፋሿን ለቀቀችው። አልወጠራትም። በወገቧና በጉርዱ መካከል አንድ ጣት አስገባች። ሌላ ጨመረች፤ እሱም ገባ።

«ከሳሁ!» አለች ለመስታወቱ።

ሌላ የሚሰማት ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም። አባቷ ቀጠሮ የደረሰበት ሥራ ስላለ በጠዋት ወደ ልብስ ስፌት ሱቁ ሄዷል። እናቷ ደግሞ መሥሪያ ቤቷ ወደ ሌላ ከተማ ካዛወራት ወዲህ ታናሽ ወንድሟን ይዛ እዚያው ናት። ልጅቷ የፈተና ዓመቷ ስለሆነ «መሃል ላይ ትምህርት ቤት መቀየር አይሆንም» ተብሎ ከአባቷ ጋር ቀረች።

ችግሩ የጀመረው ያኔ ነው። እናቷ ስትሄድ ድስቱም አብሮ የሄደ ይመስል፣ የአባትና የልጅ ኑሮ ዳቦ በሻይ፣ ሻይ በብስኩት፣ ሲደላቸው ደግሞ የተጠበሰ ድንች በለስላሳ ሆነ። አባቷ በላ በላ ሲል እንኳ ጠብ የማይልለት ቀጫጫ ነው። እሷ ላይ ግን ሁሉም አንድ ሳይቀር ተቆጠረ። አንድ ቀን በስፖርት ክፍለ ጊዜ ትንፋሽ አጥሯት ስትቀመጥ መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ ክሊኒክ ላካት።

ሲስተሯ ሚዛን ላይ አቆመቻት፤ የምትበላውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። በመጨረሻም «የኔ ቆንጆ፣ መራብ አያስፈልግሽም» አለቻት። «ቤት የተሠራ ምግብ፣ አትክልት፣ ጥራጥሬ በየቀኑ በደንብ ብዪ። ብስኩትና ለስላሳ የዘወትር ምግብሽ አይሁን። ከአባትሽ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የምትበዪት አይስክሬም ግን ምንም አይልሽም። አልፎ አልፎ ጣፋጭ የቀመሰ ሰው አይወፍርም።»

ልጅቷ ከዚህ ሁሉ ምክር የያዘችው ግማሹን ነው። ብስኩቱን ተወች፣ ለስላሳውን ተወች፤ እስከዚህ ደግ ነው። ነገር ግን እልኸኛ ናትና ቅዳሜንም አብራ ተወች። ቅዳሜ አባቷ ሱቁን ከሰዓት ላይ ዘግቶ አብረው ወደ አይስክሬም ቤቱ የሚሄዱበት ቀን ነበር። እናቷ ከሄደች ወዲህ ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚያወሩባት ሰዓት እሷው ብቻ ነበረች። መጀመሪያ «ጥናት አለብኝ» ስትለው «እሺ ድንቡሼ» አላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሚጠራት እንዲያ ብሎ ነው። ደጋግማ እምቢ ስትለው መጠየቁንም ተወው።

የዛሬው ጠዋት ግን ሁሉንም ያስረሳ ነበር። ትምህርት ቤት እስክትደርስ እየዘለለች ሄደች።

በእረፍት ሰዓት ክፍሉ ሁሉ «ቀጮ» እያለ የሚጠራት ጓደኛዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ነይ ድንች እንብላ። ዛሬ ደግሞ አትካበጂ!»

«ቤት በልቼ ነው የመጣሁት።»

«ሁሌ ቤት በልተሽ? እናትሽ ሳትኖር ማን ነው እንዲህ የሚያበላሽ?»

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ይልቅ እዪኝ እስቲ። ከሳሁ አይደል?»

ቀጮ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «እኔ እንጃ፣ ያው ነሽ። የደበረሽ ግን ትመስያለሽ» አለችና ሌሎቹ ወዳሉበት ሄደች።

ልጅቷ እንደ ልማዷ ባዶው ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ካሮቷን አወጣች። ሰው በሌለበት ክፍል ካሮት ሲበላ ድምፁ ጣራ ይነካል። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» የሚለው ተረት ትዝ አላት፤ ለካሮትም ይሠራ እንደሆነ አላወቀችም። በመስኮቱ ቀጮ ከሌላ ልጅ ጋር ከአንድ ወረቀት ድንች እየተሻማች ስትስቅ ይታያታል። ሆድ ባሳት። ከዚያ ግን ጣቶቿን ጉርዷ ውስጥ አስገብታ ተጽናናች።

ትምህርት ሲያልቅ በቀጥታ ወደ አባቷ ሱቅ ሮጠች። ሱቁ አንድ የስፌት መኪና፣ የመተኮሻ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ሲገባበት የሚሞላ ነው። አባቷ ደንበኛ በገባ ቁጥር «ሰፊውስ እኔ ነኝ፤ ቤቱ ነው የጠበበው» ማለት ይወዳል። ደንበኛውም የሚያውቀውን ቀልድ እንደ አዲስ ይስቅለታል።

«አባዬ! ጉርዴ ሰፋ!»

አባቷ እግሩን ከመርገጫው ሳያነሳ ፈገግ አለ። «እንዴት አይሰፋ፣ እኔው ሰፍቼው!»

ያንኑ የማያልቅ ቀልዱን ያመጣ መስሏት ሳቀች። «ተው እንጂ አባዬ፣ የምሬን እኮ ነው! ሁለት ጣት ይገባል። ከሳሁ!»

መኪናው ቆመ። አባቷ ቀና ብሎ አያትና ፈገግታው ቀስ በቀስ ከፊቱ ጠፋ።

«ልጄ...» አለ። «ትናንት እሑድ ስተኩሰው የጎኑን ስፌት ተርትሬ ጨመር አደረግኩበት። ያወቅሽብኝ መስሎኝ ነው።»

ልጅቷ እጇን ወደ ጎኗ ወሰደች። ክሩ አዲስ ነው። ከአጠገቡ የድሮው ስፌት የነበረበት የመርፌ ቀዳዳ በመስመር ይታያል። ያ ሁሉ ካሮት፣ ያ ሁሉ «ቤት በልቻለሁ»፣ ያ ሁሉ ቅዳሜ በዜሮ ተባዛ።

«ማን አስፋልኝ አለህ?»

«ጠዋት ጠዋት ትንፋሽሽን አፍነሽ ስትቆልፊው አያለሁ። የሰው ልብስ ሳሰፋ እየዋልኩ የኔ ልጅ ታፍና ትሂድ?»

«ወፍረሻል ለማለት ነው አይደል?»

«ኧረ ድንቡሼ፣ እኔ እንደሱ—»

«ድንቡሼ አትበለኝ!»

ሊገባ የነበረ ደንበኛ አንገቱን ከበሩ መለሰ። ልጅቷ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። አባቷ አልተከተላትም። ሲናደዱበት የሚለው የሚጠፋው ሰው ነው።

ቤት ገብታ፣ ለእንግዳ ተብሎ ቁም ሳጥን ላይ የተቀመጠውን ብስኩት አወረደች። ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ቆማ በላችው። መጀመሪያ ጣፈጣት። ቀጥሎ ያለው አልጣፈጣትም፤ ግን አላቆመችም። ሲያልቅ ባዶውን ላስቲክ ጨምድዳ መሬት ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች። ያስለቀሳት ብስኩቱ ብቻ አልነበረም። ይህን ብስኩት ስትበላ «ተይ» የሚላት ወይም «ለኔም» የሚላት አንድ ሰው አለመኖሩም ነው።

ስልኳ ጮኸ። እናቷ ነበረች።

«ምን በላሽ የኔ እናት?»

«በልቻለሁ እማዬ።»

«ዛሬ ደግሞ ምን ሠራችሁ? አባትሽን ስጠይቀው ሁሌ ‹ከልጄ ጋር በላሁ› ነው የሚለኝ። ምን እንደበላ አይነግረኝም። አንቺ ንገሪኝ እስቲ።»

ልጅቷ የጨመደደችውን ላስቲክ አየች። እሷ ትምህርት ቤት «ቤት በላሁ» ስትል፣ አባቷ ደግሞ ለእናቷ «ከልጄ ጋር በላሁ» እያለ ኖሯል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ሳምንታት ሙሉ በትንሿ ድስት ለራሷ ብቻ አትክልት ቀቅላ፣ አባቷ ሳይመጣ በልታ፣ መኝታ ቤቷ ገብታ በሯን ትዘጋለች። ጠዋት ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ የምታገኘው አንድ የሻይ ብርጭቆና የዳቦ ፍርፋሪ ነው። ይህን ሁሉ ቀን አይታዋለች፤ ነገሬ አላለችውም።

«እማዬ፣ ቆይቼ ልደውልልሽ» አለች። «እየሠራሁ ነው።»

ስልኩን ዘጋችና የተናገረችውን እውነት ለማድረግ ተነሳች። እናቷ ከሄደች ወዲህ ማንም ያልነካውን ትልቁን ድስት አወረደች፤ አቧራውን አጠበች። ምስር ለቀመች። ካሮትና ጎመን ከተፈች፤ ሩዝ ለብቻ ጣደች። ሽንኩርቱ ትንሽ አረረባት። አባቷ አንድ ዳቦ በብብቱ ሥር ይዞ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ተቀምጦ አገኘ። በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«እጅህን ታጠብና ና» አለችው።

ታጥቦ መጣ። መብላት ጀመሩ።

«ጨው አነሰው?» አለች ልጅቷ።

«ኧረ ልክ ነው» አለ አባቷ። አንሶት ነበር።

ሁለተኛ ሲጨልፍ አየችው። እንዲያ የቀጠኑ ጣቶቹን ሳታያቸው መቆየቷ አሳፈራት።

«ይቅርታ አባዬ» አለች።

«እኔም ሳልጠይቅሽ አድርጌዋለሁ» አለና ማንኪያውን አስቀመጠ። «ከፈለግሽ ወደ ነበረበት ልመልሰው?»

«ተወው። አሁን ልኬ እሱ ነው። ስቀንስ ትቀንስልኛለህ።»

ከዚያ ሲስተሯ ያለችውን ሁሉ ነገረችው። በዚህኛው ጊዜ ግማሹን ሳይሆን ሙሉውን።

በማግስቱ ባዶው ክፍል ውስጥ አልገባችም። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ቀጮ አጠገብ ተቀመጠችና «ቤት በልቼ አልነበረም፤ ስዋሽሽ ነው የከረምኩት» አለቻት። ቀጮ ተኮሳትራ አየቻት። «አውቄሻለሁ ባክሽ» አለችና ሳታስፈቅድ ከሩዙ ጨለፈች። ሆኖም ከሌላዋ ልጅ አልተለየችም፤ ሦስት ሆነው ተቀመጡ። የልጅቷ ወገብም በአንድ ሳምንት አልቀነሰም።

ቅዳሜ ከሰዓት አባቷ ሱቁን ሲዘጋ ልጅቷ ደጃፉ ላይ ቆማ ትጠብቀው ነበር። አብረው ሄዱ። አይስክሬም ቤቱ ጋ ሲደርሱ አባቷ አውቆ ወደ ማዶ እያየ እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

«ይቅርብን ልጄ» አለ። «አንቺን ከሚፈትንሽ እኔም ብተወው ይሻላል። ደግሞ ምን ይጠቅማል፣ በረዶ ነው።»

ከልቡ ሳይሆን ከአንገት በላይ መናገሩ ያስታውቃል። ለሷ ሲል ደስታውን እየቀበረ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከትልቁ ድስት አብረው በልተዋል፤ ነገም ይበላሉ። ልጅቷ ክንዱን ያዘችና አስቆመችው።

«አይቀርብንም» አለች።

እጁን ይዛ አስገባችው። ሻጯ ገና ከሩቅ ስታያቸው ማንኪያዋን እንደያዘች እጆቿን ዘረጋች።

«ውይ! ምነው እንዲህ ጠፋችሁ?»

አባቷ ምን እንደሚል ጨንቆት አፉን ሲከፍት ልጅቷ ቀደመችው።

«አለን» አለች።